የሁለተኛዋ ቆጣሪ ፊርማ

በጎጠራ ሜዳ የነበሩት አሥራ አራት ቆርኬዎች ከሞቱ ስድስት ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ነገር ግን መርዶውን የነገራቸው ስላልነበረ በየማለዳው እየመጡ ይግጡ ነበር። ከኋላቸው ታንጉት ትከተላቸው ነበር። ለእሷም አልተነገራትም።

ይመኑ ይህን ያውቃል። የሜዳው ስካውት፣ የዱር እንስሳቱ ጠባቂ፣ እሱ ነው፤ ታንጉት ደግሞ ሚስቱ ናት። ሁለቱ ለጥብቅ ሥፍራው የተቀጠሩት በአንድ ቀን ሲሆን ሥራቸውም አንድ ነበር፤ መቁጠር። ይመኑ ከምዕራቡ ጉብታ ላይ ሆኖ ይቆጥራል፣ ታንጉት ከምሥራቁ ጉብታ ላይ ሆና ትቆጥራለች፣ ቀትር ላይ መሐል ካለው ግራር ሥር ተገናኝተው ቅጻቸውን ያስተያያሉ። የጎጠራ ቆርኬ ከዚህ ሜዳ በቀር የትም አይገኝም። መዝገቡ ላይ “በከፋ አደጋ ላይ ያለ” ተብሎ ተመድቧል፤ እሱን መግደል ያሳስራል፤ የሚግጥበትን ሣር ማረስም ያሳስራል። እንዲህ ከባድ ሕግ ያለበትን እንስሳ አንድ ሰው ብቻውን ቢቆጥረው አይታመንም። ሁለት ሰው፣ ሁለት ቅጽ፣ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል።

ሰደድ እሳቱ የተነሳው በመጋቢት ነው። ነፋስ ነበር። ታንጉት ቅጠል ቆርጣ እሳቱን እየመታች፣ መንጋውን ወደ ወንዙ ልትነዳ ስትሞክር ከእነሱው ጋር ቀረች። የመንደሩ ሰው አመዱ ውስጥ አሥራ አምስት ሬሳ አገኘ፤ አሥራ አምስቱንም ቀበረ። እንስሳ መቅበር የአገሩ ልማድ አይደለም፤ ነገር ግን የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ስላልተቻለ ሁሉንም በአንድ ላይ ቀበሩ።

በማግስቱ ይመኑ የለቅሶውን ድንኳን ችካል ሊተክል ሲያጎነብስ መንጋው ሜዳው ላይ ነበር። ታንጉትም ቅጿን በእጇ ይዛ ከኋላ ነበረች። ቀትር ላይ እንደ ወትሮዋ ግራሩ ሥር መጥታ ተቀመጠች።

“ስንት አልክ?” አለችው።

ይመኑ ዞር ብሎ ቆጠረ። “አሥራ አራት።”

“እኔም አሥራ አራት” አለችና ፈረመች።

ድንኳኑ ሳይተከል ቀረ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩ። የእድሩ ዳኛ አያ ሙሄ፣ በአገሩ ስንትና ስንት መርዶ የተናገሩ ሰው ናቸው፤ ማለዳ ላይ በማን ደጅ እንደሚቆም፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን እንደሚደግፍ እሳቸውን የሚያህል አዋቂ የለም። የዚያን ቀን ግን ግራ ገባቸው።

“መርዶ የሚነገረው ለቀሪ ነው” አሉ። “እዚህ ቀሪው ማነው?”

ቀሪዋ ታንጉት ነበረች። ሟቿም ታንጉት ነበረች። ቆርኬዎቹም እንዲሁ እርስ በርሳቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ለአንዱ ስለሌላው ቢነገረው የራሱንም መስማቱ አይቀርም። ቢሆንም መነገሩ እንደማይቀር ተስማሙና ቀን መምረጥ ጀመሩ። ጾም ነበርና ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ፋሲካ አለፈ፤ ሰዉ ለእርሻ ወጣ። ክረምት ገባ፤ በዝናብ ሰው አይረዳም ተባለ። አዲስ ዓመት ላይ ማን ደፍሮ ይናገራል? አጨዳው ሲያልቅ የክርስቲያኑ ጾም ገባ፤ የክርስቲያኑ ሲያልቅ የሙስሊሙ ገባ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት አለፈ።

ቀን በመምረጥ ይዘግዩ እንጂ በመደበቅ ማንም አይችላቸውም። ጥቁር ልብስ ወደ ሜዳው በሚያይ በኩል አይሰጣም። ሰው ሲሞት የሚለቀሰው ከገደሉ በታች ወርዶ ነው። በሜዳው የሚያቋርጥ ሁሉ “እንዴት ዋልሽ ታንጉት” ይላል፤ እሷም “እግዜር ይመስገን” ትላለች። አንድ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣች ሙሽራ ከሩቅ አይታት “ነፍሷን ይማር” ብላ ነበር። ንፋሱ ወደ ሌላ በኩል ባይነፍስ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።

ለይመኑ ይህ ኑሮ ሆነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ጢሙን አላሳደገም፣ ቀትር ላይ ፊቱን ሳይታጠብ ወደ ግራሩ አልሄደም። ሚስቱ አንድ ክንድ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ጎረቤት ያማሉ፣ ይስቃሉ። ማታ የት እንደምታድር አትጠይቅም ነበር፤ ያልተረዳ ሰው ይህን አይጠይቅም። ድሮ በሁለት ዓመት ይበልጣት ነበር፤ አሁን በስምንት ይበልጣታል። “አረጀህ እኮ” ስትለው “ሥራው ነው” ይላታል። ይወዳታል፤ ከበፊቱ ይልቅ አሁን ይወዳታል፤ ይህንንም ሊነግራት ሲፈልግ ድምፁ እንዳያሳብቅበት ፈርቶ ይተወዋል።

ሪፖርቱ በየወሩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። አሥራ አራት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አራት። ዋናው መሥሪያ ቤት ቁጥሩን “የተረጋጋ” ብሎ መዘገበና ለጥብቅ ሥፍራው የምስጋና ወረቀት ላከ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ እንኳ አለመወለዱና አንድ እንኳ አለመሞቱ ማንንም አላስገረመም። በሪፖርት ውስጥ የማይወለድና የማይሞት እንስሳ ብርቅ አይደለም።

ነገሩ የተነሳው የሠራተኛው መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ነው። ሁለተኛዋ ቆጣሪ ወይዘሮ ታንጉት ከስድስት ዓመት በፊት በሞት ተሰናብታለች ይላል መዝገቡ፤ ቅጹ ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ ፈርማለች ይላል። በኅዳር ወር አንድ ደብዳቤ መጣ። “ጉዳዩ፦ የሁለተኛ ቆጣሪን ፊርማ ስለማጣራት” የሚል ነበር።

ደብዳቤው በመጣ በአራተኛው ቀን ፈትለወርቅ መጣች። የምደባ ባለሙያ ናት፤ የትኛው እንስሳ በየትኛው የአደጋ ደረጃ እንደሚጻፍ የምትመረምር። ከመኪናው ስትወርድ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ነበር። ይመኑ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ካኪ ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለው።

“ይቅርታ ልጄ፣ እዚህ ጥቁር አይለበስም።”

“እናቴ ሞታብኝ ነው” አለች። “አርባዋ ገና አልወጣም።”

“እግዚአብሔር ያጽናሽ። በይ ቆልፊው።”

ቆለፈችው። ሥራ የምታውቅ ሴት ስለነበረች ምክንያቱን ቆይታ ለመጠየቅ ወሰነች። ከሰዓት በኋላ በመነጽር ቆጠረች፤ አሥራ አራት ሆነ። ወደ ሜዳው ወርዳ ፋንድያ ፈለገች፤ የለም። ኮቴ ፈለገች፤ ከራሷ ጫማ በቀር ምንም ዱካ የለም። ጠዋት ሲግጡት ያረፈዱትን ሣር በመለኪያ ለካች፤ ካልተጋጠው ያላነሰ ሆኖ አገኘችው። አንዲት እንስት ቆርኬ ሦስት እርምጃ ያህል ርቃ ቆማ እያመነዠከች ተመለከተቻት። ፈትለወርቅ ይህን ሁሉ ጻፈችና ወደ ይመኑ ተመለሰች።

“መቼ ነው የሞቱት?” አለችው።

“ባለፈው መጋቢት ስድስት ዓመት ሞላቸው።”

“ተነግሯቸዋል?”

“አልተነገራቸውም።”

“እትዬ ታንጉትስ?”

“እሷም አልተነገራትም።”

ፈትለወርቅ መመሪያውን ከቦርሳዋ አወጣች። አንድ ዝርያ ፈጽሞ ጠፋ የሚባለው የመጨረሻው እንስሳ መሞቱ በማያጠራጥር ሁኔታ ሲታወቅ ነው ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“መሞታቸውን የሚጠራጠር አለ?”

ይመኑ ወደ መንጋው ዞረ። “ሰው የለም። እነሱን ብትጠይቂያቸው ግን አለን ነው የሚሉት።”

“መመሪያው የእንስሳውን አስተያየት ጠይቁ አይልም” አለች። “አትጠይቁም አይልም።”

ከዚያ ነገሩን አስረዳችው። ጠፍተዋል ተብሎ ከተወሰነ ውሳኔው እዚሁ ሜዳ ላይ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሁሉ ባሉበት፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበባል። ከተነበበ በዘጠናኛው ቀን ሜዳው ከጥበቃ ይወጣል፤ ሜዳውን ለማረስ ድንበሩ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ትራክተርም ይገባል። ይመኑ ስለ ትራክተሩ የተናገረችውን አልሰማም። የሰማው ድምፅ ከፍ ተደርጎ የሚለውን ብቻ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

“እኔ ግን የተላክሁት ለዚያ አይደለም” አለች ፈትለወርቅ ፊቱን አይታ። “የተላክሁት ለፊርማው ነው። እትዬ ታንጉት እፊቴ ከፈረሙና ፊርማው ከገጠመ መዝገቡን ዘግቼ እሄዳለሁ። የሞተ ሰው አይፈርምም የሚል አንቀጽ አላገኘሁም።”

ይመኑ ተነስቶ እጇን ሊስም ምንም አልቀረው። ከዚያ ማድረግ የሌለባትን ነገራት። ዕድሜዋን አትጠይቂያት። የት እንደምታድር አትጠይቂያት። እሳት የሚል ቃል አታንሺ። ስለ ማንም ቢሆን ነፍስ ይማር አትበይ። ኮቱን አታውልቂ።

“ለአንድ ሰዓት ነው” አላት።

“ለአንድ ሰዓት እችላለሁ” አለች።

በማግስቱ ቀትር ሦስቱ ግራሩ ሥር ተቀመጡ። ታንጉት እንግዳ በማየቷ ደስ ብሏት ነበር፤ ነጠላዋን ደጋግማ ታስተካክላለች። ፈትለወርቅ ቅጹን አቀረበችላት። ታንጉት አሥራ አራት ብላ ጻፈች፤ ቀስ ብላ፣ የ“ታ”ን እግር እንደ ወትሮዋ አስረዝማ ፈረመች። ፈትለወርቅ ከቦርሳዋ የድሮ ቅጽ አውጥታ አስተያየች። አንድ ነው። ማኅተሙን መታች።

“ጨረስን” አለች።

ይመኑ ትንፋሹን ለቀቀ። ፈትለወርቅም እንደዚያው። የኅዳር ቀትር በቆላ እሳት ነው፤ ጥዋት ከተቆለፈው ካኪ ሥር ላብ ይወርዳል። ሥራ ሲያልቅ ኮት ማውለቅ ደግሞ የቢሮ ሰው ልማድ ነው፤ ሳያስቡት እጅ ራሱ ይፈታዋል። ፈትለወርቅ ኮቱን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አጣጠፈችው።

ታንጉት ጥቁሩን አየች።

“ምነው ልጄ! ማን ሞቶብሽ ነው?”

ፈትለወርቅ ይመኑን አየችው። ይመኑ መሬት መሬት አየ።

“እናቴ” አለች።

“ወይኔ! እናት ሞታብሽ ዝም ብለሽ ታስፈርሚኛለሽ? መቼ?”

“ሠላሳ ቀኗ ነው።”

“በወጉ ነው ያረዱሽ? ማለዳ መጥተው?”

“በስልክ ነው። ስብሰባ ላይ ነበርኩ።”

“በስልክ!” ታንጉት መዳፏን በመዳፏ መታች። “ሰው በስልክ ይረዳል? እናንተ አገር ሽማግሌ የለም? ደግፎ የሚይዝሽስ ማን ነበር?”

“ማንም” አለች ፈትለወርቅ። “ስብሰባውን ጨረስኩት።”

ታንጉት ከዚህ በላይ መስማት አልቻለችም። ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ልጅቷን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። በወጉ፣ እየደረደረች፣ ለማታውቃት ሴት አለቀሰች። ፈትለወርቅም ሠላሳ ቀን ይዛው የቆየችውን ለቀቀችው። ይመኑ ሊያስቆማቸው ፈለገ፤ ግን ለቅሶ በምን ይቆማል? ሰው ሲያለቅስ ተዉ ማለት ነውር ነው፤ ያውም የሰው አገር ሰው።

ለቅሶ የተቀመጠ ሰው የዕለቱን ሟች ካለቀሰ በኋላ የራሱንም ሙታን እየጠራ ማልቀሱ ያለ ነው። ታንጉትም ጠራች። ቆጣሪ ስለሆነች ጣቷን እያጠፈች ነበር የምትጠራው። አባቷን ጠራች፤ አንድ። እናቷን፤ ሁለት። ወንድሟን ካሳዬን፤ ሦስት። ጡት ሳይጥሉ የሞቱባትን መንታ ልጆቿን፤ አራት፣ አምስት። ከዚያ ማንንም ሳትጠራ የግራ እጇ አንድ ጣት ታጠፈ።

ለቅሶዋን አቆመች።

“ልክ አይደለም” አለች። ጣቶቿን ሁሉ ዘርግታ ከመጀመሪያው ጀመረች። አባቷ፣ እናቷ፣ ካሳዬ፣ መንታዎቹ። ስድስተኛው ጣት ታጠፈ። ከትንሿ ጣት ጀምራ ሞከረች። ስድስት ሆነ። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ታንጉት ቆጥራ ተሳስታ አታውቅም።

“ይመኑ፣ ስድስተኛው ማነው?”

ይመኑ አክስትሽ ሊል አሰበ። አክስቷ ግን በሕይወት አለች፤ ዛሬ ቢገድላት ነገ መልሶ ማስነሳት አለበት። አጎትሽ ሊል አሰበ። አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ስም አልነበረም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አፍኖ የያዘው ለቅሶ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ ከራሱ ውስጥ መውጣቱ ራሱን አስደነገጠው።

ታንጉት አየችው። መንጋውን አየች። የታጠፈውን ጣቷን አየች።

“መቼ?” አለች።

“በመጋቢት።”

“በየትኛው መጋቢት?”

ነገራት።

“ድንኳን ተተክሎልኛል?”

“አልተተከለም።”

“አንተስ? አልቅሰህልኛል?”

“አላለቀስኩም” አለ ይመኑ። “ታይኝ ነበር።”

አልተቆጣችም። ብትቆጣው በወደደ። “እንግዲያው አሁን አልቅስ” አለችውና ተጠግታው ተቀመጠች። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስትጠጋው የመጀመሪያዋ ነው። ይመኑ አለቀሰ። ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ጎረቤት እሷም አብራው ስለራሷ አለቀሰች። በዚህ መሐል አሥራ አራቱ ቆርኬዎች አንድ ባንድ አንገታቸውን ከሣሩ ቀና አደረጉ። ማመንዠክ አቆሙ። መርዶውን በቀጥታ የነገራቸው የለም፤ ሰምተው ነው።

ታንጉት ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ለፈትለወርቅ እጇን ዘረጋች።

“አዲስ ቅጽ ስጪኝ። ያኛውን ሳላውቅ ነው የፈረምኩት።”

ፈትለወርቅ ሰጠቻት። ታንጉት ቁጥር በሚለው ቦታ “የለም” ብላ ጻፈች፤ የ“ታ”ን እግር አስረዝማ ፈረመች። ፈትለወርቅ አስተያየችውና ፊርማው ያው መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ሁለቱም ይመኑን ተመለከቱት። የእሱ ቅጽ ገና ባዶ ነበር።

“የሁለታችሁ ከገጠመ ጠፍተዋል ተብሎ መዝገቡ ዛሬውኑ ይዘጋል” አለች ፈትለወርቅ። ድምጿ ገና አልተስተካከለም፤ ያም ሆኖ አንቀጹን ከመመሪያው እያየች ነው የምታነበው። “ካልገጠመ ቆጠራው በማግስቱ በዚያው ሰዓት በነዚያው ቆጣሪዎች ይደገማል። እስኪገጥም ድረስ ምደባውም ጥበቃውም ባለበት ይቆያል።”

“ስንት ጊዜ ነው የሚደገመው?” አለ ይመኑ።

“ገደብ አልተቀመጠለትም።”

ይመኑ ይህን አንቀጽ አያውቀውም ነበር። የእሱና የታንጉት ቆጠራ ሳይገጥም የቀረበት ቀን ስለሌለ ማንም አንብቦለት አያውቅም።

“ጻፍ” አለችው ታንጉት። “ጻፍና እንሂድበት።” ይህን ስትል ዓይኗ መንጋው ላይ ነበር።

ይመኑ ተነስቶ እንደ ልማዱ ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠራቸው። ሁሉም ቆመው ያዩታል። ነገ ቀትር ላይ ይህ ግራር ሥር ማን እንደሚቀመጥ አሰበ። ቁጭ አለና አሥራ አራት ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ።

“ጋሽ ይመኑ፣ እርግጠኛ ነዎት?” አለች ፈትለወርቅ።

“ያየሁትን ነው የጻፍኩት።”

ታንጉት ቅጹን አነበበችው። ተነስታ ሄደች፤ እስከዚያን ቀን ከመንጋው ኋላ ነበር የምትሄደው፣ አሁን ግን መንጋው ከኋላዋ ተከተላት።

ፈትለወርቅ መዝገቡ ላይ “በማጣራት ላይ” ብላ ጻፈችና በማግስቱ ጥቁሯን እንደለበሰች ተመለሰች። መኪናው ከመነሳቱ በፊት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ “እኔም ብሆን አሥራ አራት ነበር የምጽፈው” አለች።

መንደሩ ድንኳኑን ተከለ። ስድስት ዓመት የዘገየ ለቅሶ ስለሆነ ሰው በጣም መጣ። ይመኑ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፤ ቀትር ሲደርስ ግን ይቅርታ ጠይቆ እየወጣ ከሟቿ ጋር ይቆጥር ነበር። በሦስተኛው ቀን አያ ሙሄ ደጁ ላይ ጠብቀው ያዙት።

“ለቅሶ ተቀምጠህ ከሟች ጋር ቀጠሮ ትይዛለህ?”

“ሥራ ነው አያ ሙሄ።”

“ተነግሯታል እኮ። የተረዳ ሰው አልቅሶ ይሄዳል። አትያዛት።”

“እኔ አይደለሁም የያዝኳት፤ መመሪያው ነው።”

አያ ሙሄ መመሪያ አያውቁም። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ድንኳኑ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ቆርኬዎቹ አልጋጡም። መጥተው ይቆማሉ፤ አንገታቸውን አያጎነብሱም። ታንጉትም አትቀመጥም። “የለም” ብላ ትጽፋለች፣ ቅጿን ትዘረጋለች፣ ይመኑ አሥራ አራት ብሎ ይጽፋል፣ ትሄዳለች። የዝናቡም የጎረቤቱም ወሬ ቀረ። መንጋው በየቀኑ የሚቆምበት ቦታ ግን ከትናንቱ በጥቂት እርምጃ ወደ ይመኑ ይቀርብ ነበር። ታኅሣሥ ሲጋመስ ጉብታው ላይ መውጣት አላስፈለገውም። በታኅሣሥ መጨረሻ ከቤቱ አጥር ማዶ ቆመው አገኛቸው። ይመኑ ፈራ። ፍርሃቱ ውስጥ ደስታም ነበረበት፤ በዚያ ደስታው አፈረ።

በጥር አንድ ቀን ታንጉት ቅጿን ስትዘረጋ ተናገረች። ከሁለት ወር ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

“ደክሞናል ይመኑ።”

ልቡ ተሰበረ። ብዕሩን አንስቶ “የ” ብሎ ጀመረ። ከዚያ ቀና ሲል ፊቷን አየ፤ ያችው ታንጉት ናት። የጀመረውን ፊደል ሰርዞ አሥራ አራት ብሎ ጻፈ።

“ጥምቀት ይለፍና” አላት።

ጥምቀት አለፈ። አስተርዮ ማርያም ትለፍ አለ። አለፈች። ጾም ከመግባቱ በፊት አይሆንም አለ። እሷ በየቀኑ ራሷን ዝቅ አድርጋ ትሰማዋለች፤ ከኋላዋ አሥራ አራቱም ዝቅ ያደርጋሉ።

በየካቲት አንድ ማለዳ ይመኑ ዓይኑን ሲገልጥ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። በጠባቧ ክፍል አሥራ አራቱም ትከሻ ለትከሻ ተጣበው አልጋውን ከበውታል፤ ቀንዳቸው የጣሪያውን ቆርቆሮ ነክቷል፤ ትንፋሽ የላቸውም። ታንጉት በግርጌው በኩል ቆማ የራሷን ቅጽ ይዛለች። የእሱ ቅጽ ደረቱ ላይ ተቀምጧል፤ ብዕሩ ቀኝ እጁ ውስጥ ገብቷል። በሩ ከውስጥ እንደተቆለፈ ነው።

ይመኑ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ፣ እንደ ልማዱ ከግራ ጀምሮ ቆጠረ። አንድ ሲል የመጀመሪያው ቆርኬ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለት ሲል ሁለተኛው ጨፈነ። አሥራ አራት ላይ ሲደርስ በክፍሉ ውስጥ ያልተጨፈኑት የታንጉት ዓይኖች ብቻ ነበሩ። ይመኑ እስከ ዛሬ እሷን ቆጥሮ አያውቅም፤ አሥራ አምስት ቢል የእሷም እንደሚጨፈን ገባው። ታንጉት ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችው።